ህዋ ላይ ድንኳኑን ማን ይተክለዋል?

ድንኳን_አከራይ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:40

ሰላም ናችሁ ወገን። ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ድንኳን አከራያለሁ፤ ለሰርግም ለለቅሶም። ሥራው የአባቴ ነው፤ ሸራ ሲታጠፍና ሲዘረጋ እያየሁ ነው ያደግኩት።

ሰሞኑን የእህቴ ልጅ ጀምስ ዌብ የሚባለው የህዋ ቴሌስኮፕ የፀሐይ መከላከያ ጥላውን ሲዘረጋ የሚያሳይ ቪዲዮ አሳየኝ። 21 ሜትር በ14 ሜትር ነው አለኝ። ቁጭ ብዬ አሰላሁት፤ የእኔን ባለ 10 በ6 ድንኳን አምስቱን ገጥግጦ እንደመትከል ነው። ያውም ስስ ላስቲክ፣ ያውም 5 ድርብ።

እኔ አንዷን ባለ 10 በ6 ለመትከል 6 ልጅ አሰማራለሁ። አንዱ ካስማ ረስቶ ይመጣል፣ አንዱ ገመዱን በአንድ እጁ ይዞ ስልክ ያወራል፣ ነፋሱ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ ደግሞ ሁላችንም እንጯጯሃለን። እዚያ ላይ ማን አለ? ገመዱን የሚስበው ማን ነው? ከያዘስ ማን ያላቅቀዋል? የምታውቁ ካላችሁ በእኛ ቋንቋ አስረዱኝ። ቪዲዮው ላይ ሁሉ ነገር እንደ አበባ ፍክት ይላል፤ ወላሂ አላመንኩትም።

ቦርከና_ዳር
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:05

ጋሼ፣ አለማመንዎ ልክ ነው። ያዩት ቪዲዮ በኮምፒውተር የተሳለ ነው። ቴሌስኮፑ ላይ ዝርጋታውን የሚቀርጽ ካሜራ አልተገጠመለትም። ምድር ላይ ያሉት መሐንዲሶች እየተዘረጋ መሆኑን ያወቁት እንደ ዓይነ ስውር በመዳሰስ ነው፤ ይሄ ማብሪያ ተነካ፣ ያኛው ሞተር ይህን ያህል ጉልበት ሳበ፣ ይሄ ጎን ሞቀ፣ ያኛው ቀዘቀዘ እያሉ።

እኔ ኮምቦልቻ መካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ፤ ለሴሚናር ይህንኑ ነው ያቀረብኩት። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) ቴሌስኮፑ የተተኮሰው ታኅሣሥ 25 ቀን 2021 ነው። የሮኬቱ አፍንጫ ወርዱ ከ5 ሜትር ትንሽ ስለሚበልጥ 21 ሜትሩ ጥላ በግድ መታጠፍ ነበረበት። ከአምስቱ ንጣፍ ለፀሐይ የሚጋለጠው ውፍረቱ 0.05 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሌሎቹ አራቱ የዚያ ግማሽ። ሸራውን አጣጥፈው የያዙት 107 መቆለፊያዎች ነበሩ። ከ107 አንዱ እንቢ ቢል ጥላው አይወጠርም፤ ጥላው ካልተወጠረ ቴሌስኮፑ ይሞቃል፤ ከሞቀ ደግሞ ያ ሁሉ ዓመት የተለፋበት ዕቃ ለምንም አይሆንም።

የሚስበው ማን ነው ላሉት፦ 8 ሞተር፣ ወደ 400 ፑሊ፣ 90 ገመድ። የገመዱ ርዝመት ሲደመር ወደ 400 ሜትር ነው።

ድንኳን_አከራይ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:12

90 ገመድ?! እኔ ጋ 8 ገመድ ነው ያለው፤ እሱም በየሳምንቱ እንደ ሴት ልጅ ሹሩባ ተጎንጉኖ ነው የሚመጣው። ገመድ ሲላላ ነው የሚጠላለፈው፤ እነሱ ሲላላ ምን ያደርጉታል?

ቦርከና_ዳር
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:30

እኔም መምህሬን የጠየቅኩት ይህንኑ ነው! ገመዱ በላላበት ቅጽበት የት ሊሄድ እንደሚችል ለብቻው ተጠንቶ፣ ከመስመሩ እንዳይወጣ መያዣ ተሠርቶለታል። መጨረሻ ላይ ንጣፎቹን አንድ በአንድ ወጠሯቸው፤ አምስተኛው የተወጠረው ጥር 4 ቀን 2022 ነው። በመሃል ሞተሮቹ ከታሰበው በላይ ሞቀው ስለነበር ቆም ብለው፣ ዕቃውን ከፀሐይ ትንሽ ዘወር አድርገው አቀዝቅዘዋቸዋል። የቸኮለ አልነበረም።

የሮቢት_ልጅ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:02

ውሃ ከመጣልን ስንት ቀን ሆነ፣ እናንተ ህዋ ላይ ድንኳን ትተክላላችሁ 😂 ቅድሚያ ጀሪካኑ ይሙላ።

አናጺው_ከኮምቦልቻ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 12:50

የሮቢት ልጅ፣ ጀሪካንህን አሰልፈህ ስትጠብቅ ታነበዋለህ፤ አብሽር።

ወደ ጉዳዩ ልምጣ። እኔ የማውቀው እንጨትና ብረት ነው፤ ግን ሜትሬን አያችሁት? ያ የብረት ሜትር ሲጠቀለል መዳፍ ውስጥ ይገባል፣ ሲመዘዝ ደግሞ ሁለት ሜትር ያህል ያለ ደጋፊ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ምስጢሩ ወርዱ ላይ ትንሽ ጎበጥ ማለቱ ነው። ጠፍጣፋ ቢሆን ኖሮ እንደ ሪባን ይወድቅ ነበር። ልጄ ዩቲዩብ ላይ አይታ ህዋ ላይም የሚሠሩት በዚሁ ነው አለችኝ፤ ሳቅኩባት። እውነት ነው እንዴ?

ቦርከና_ዳር
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:20

ልጅዎ ትክክል ናት፤ ይቅርታ ይጠይቋት። በ2017 የዓለም አቀፉ የህዋ ጣቢያ ላይ የተሞከረው የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ሄዶ፣ ሞተር ሳይገፋው፣ የተጠቀለሉት የጎን ዘንጎች በራሳቸው ጉልበት ነው የዘረጉት። ልክ ሜትሩን አፍነው ይዘው ሲለቁት እንደሚወናጨፈው፣ ግን በቀስታ። ሚያዝያ 2024 ከኒውዚላንድ የተተኮሰችው የናሳ ትንሽ ሳተላይት ደግሞ እያንዳንዳቸው 7 ሜትር የሆኑ 4 ዘንጎች ነበሯት፤ ከብረት ሳይሆን ከካርቦን ጭረት የተሠሩ ናቸው። 80 ካሬ ሜትር ሸራ በእነሱ ላይ ዘረጋች፤ የፀሐይ ነፋስ እየገፋው የሚሄድ የመርከብ ሸራ ዓይነት ነው። ከዘንጎቹ አንዱ ትንሽ ጎብጦ ታይቷል።

ጡረተኛው_ፊዚክስ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:15

ልጄ፣ ደህና ጽፈሃል፤ አንዱን ግን ላርምህ። ሸራውን የሚገፋው የፀሐይ ነፋስ አይደለም። የፀሐይ ነፋስ የሚባለው ከፀሐይ የሚበተነው የቅንጣት ጅረት ነው፣ ግፊቱም ኢምንት ነው። ሸራውን የሚገፋው ብርሃኑ ራሱ ነው፤ ብርሃን ሲያርፍም ሲንጸባረቅም ይገፋል።

ስንት ይገፋል? እኛ ባለንበት ርቀት ላይ እንደ መስታወት የሚያንጸባርቅ አንድ ሄክታር ሸራ ብትዘረጋ፣ ጠቅላላው ግፊት 9 ግራም የሚመዝን ነገር መዳፍህ ላይ ሲያርፍ የሚሰማህን ያህል ነው። ሄክታር ሙሉ ሸራ ለ9 ግራም! እንግዲህ ለምን ግዙፍም ቀላልም መሆን እንዳለበት ከዚህ ይገባችኋል። ሸራው ከከበደ ብርሃኑ ምኑን ይገፋዋል? ጃፓኖች በ2010 የላኩት ኢካሮስ ጎኑ 14 ሜትር ነው፣ ውፍረቱ ግን 7.5 ማይክሮ ሜትር ብቻ፤ ከፀጉር ክር አሥር እጥፍ ያህል ይቀጥናል። ዘንግም የለው። እየተሽከረከረ፣ በአራቱ ማዕዘን የታሰሩት ግማሽ ግማሽ ኪሎ ክብደቶች ወደ ውጪ እየሳቡ ዘረጉት። እረኛ ወንጭፍ ሲያዞር ድንጋዩ ገመዱን እንደሚወጥረው ማለት ነው።

ድንኳን አከራዩ፣ የአንተ ድንኳን የሚከብደው ነፋስና ዝናብ ስላለበት ነው። እዚያ ነፋስ የለ፣ ክብደት የለ። ስለዚህ ሸራው መጠንከር አይጠበቅበትም። የሚጠበቅበት መዘርጋት ብቻ ነው፤ ችግሩ ያለውም እዚያው ላይ ነው። ምድር ላይ ልሞክረው ብትል ስበቱ ይጎትተዋል፣ አየሩ ይይዘዋል። ስለዚህ በገመድና በክብደት ከላይ አንጠልጥለው “ክብደት የለም” እያስመሰሉ ነው የሚፈትኑት። ማስመሰል ደግሞ ማስመሰል ነው።

ሐረጎ_ጠምዛዛ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:40

እኔ ሹፌር ነኝ፤ ሳይንሱን ለእናንተ ትቻለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ይሄ ሁሉ ዕቃ ከፋብሪካው እስከ ሮኬቱ በምን ይሄዳል? ምክንያቱም እኔ ከኮምቦልቻ ደሴ ሐረጎን በወጣሁ በወረድኩ ቁጥር የማየው፣ ዕቃ የሚበላሸው ስትጠቀምበት አይደለም። ታስሮ በተቀመጠበት፣ መኪናው ሲንቀጠቀጥ እርስ በርሱ ሲፋተግ ነው። ቆርቆሮ ጭኜ አውቃለሁ፤ ከላይ ያለው ደህና፣ ከታች ያለው ቀለሙ ተልጦ።

ቦርከና_ዳር
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:10

ወንድሜ፣ ሳታውቀው የጋሊልዮን ታሪክ ነው የተናገርከው።

ጋሊልዮ ወደ ጁፒተር የተላከ መንኮራኩር ነው። ዋናው አንቴናው ወርዱ 4.8 ሜትር፣ 18 የጎን አጥንት ያለው፣ በቃ ጃንጥላ በለው። በ1986 ሊተኮስ ተዘጋጅቶ ከካሊፎርኒያ ፍሎሪዳ በጭነት መኪና ሄደ። በዚያው ዓመት ጥር ላይ ቻሌንጀር መንኮራኩር ፈነዳች፤ በረራው ሁሉ ቆመ። ጋሊልዮም በመኪና ወደ ካሊፎርኒያ ተመለሰ፣ ዓመታት ቁጭ አለ፣ ከዚያ እንደገና በመኪና ፍሎሪዳ። አገሩን ከዳር ዳር ሦስት ጊዜ ነው ያቋረጠው፤ ጃንጥላው ሁልጊዜ እንደታጠፈ።

በጥቅምት 1989 ተተኮሰ። ሚያዝያ 11 ቀን 1991 “ክፈት” ተባለ። ሞተሩ ሳበ፣ ሳበ፣ ቆመ። ጥቂት አጥንቶች ከመሃሉ ምሰሶ ጋር ተጣብቀው ቀሩ፤ ጃንጥላው ተንጋዶ ግማሽ ተከፍቶ ቀረ። ህዋ ላይ እንደኛ ግሪስ አይቀቡም፤ ስለሚተን ደረቅ ቅባት ነው የሚለብጡት። ምርመራው የደረሰበት፣ ያ ልባጭ በመኪናው ንቅናቄ ተፍቆ ማለቁን ነው። ባዶ ብረት ከባዶ ብረት ጋር አየር በሌለበት ሲገናኝ ደግሞ ይያያዛል።

ያላደረጉት ነገር የለም። ወደ ፀሐይ አዙረው አሞቁት፣ መልሰው አቀዘቀዙት፤ ሞተሩን ከ13,000 ጊዜ በላይ እየቆራረጡ እንደ መዶሻ ደበደቡት። አልከፈተም።

ሐረጎ_ጠምዛዛ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:25

አላልኩም! ሮኬቱ ያላደረገውን መኪናው አደረገው። ሹፌሩ ላይ ግን እንዳታላክኩ፤ መንገዱ ነው 😅 ከዚያስ? ባዶውን ቀረ?

ቦርከና_ዳር
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:50

አልቀረም። ትንሽ ተጠባባቂ አንቴና ነበረው። በትልቁ በሴኮንድ 134,000 ቢት ሊልክ ታስቦ ነበር፤ በትንሹ መጀመሪያ ላይ ከ8 እስከ 16 ብቻ ነበር የሚደርሰው። ከምድር አዲስ ፕሮግራም ላኩለት፣ ፎቶውን ጨምቆ እንዲልክ አስተማሩት፣ እዚህም ብዙ የምድር አንቴናዎችን አያይዘው አዳመጡት፤ ቢበዛ 160 ቢት ደረሰ። በዚያ ጠብታ ከ1995 እስከ 2003 ጁፒተር አጠገብ ሠርቷል።

ድንኳን_አከራይ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:30

ይህን ሳነብ ዝም ብዬ ቁጭ አልኩ። አምና አንድ አዲስ ሸራ ገዝቼ፣ ለሰርግ ወደ ኩታበር በአይሱዙ ልኬ፣ እዚያ ሲዘረጋ እጥፋቱ ላይ በረድፍ በረድፍ ተቦድሶ ተገኘ። ሻጩን “የተበላሸ ሸጥክልኝ” ብዬ ስንት አዋረድኩት። ለካ በዚያው ሰሞን ያው ጥቅል ሳይፈታ ኮምቦልቻ ሁለቴ ደርሶ ተመልሷል፤ ሥራው ተሰርዞ። ሰውዬውን ይቅርታ ልጠይቀው ነው።

ሌላም ትዝ አለኝ። ደሴ በጥቅምት ጠዋት ብርዱ የፕላስቲክ ቧንቧዬን ያደርቀዋል፤ አልገጥም ይላል። ፀሐይ ላይ አስደግፈን ሻይ ጠጥተን ስንመለስ ጠቅ ብሎ ይገባል። እነሱስ በማሞቅ ቀንቷቸው ያውቃል?

ጡረተኛው_ፊዚክስ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:00

ቀንቷቸዋል። ማርስን የሚዞረው የአውሮፓውያኑ ማርስ ኤክስፕረስ 20 ሜትር የሆኑ ሁለት የአንቴና ዘንጎች አሉት፤ እንደ አኮርዲዮን የታጠፉ የፋይበር ቱቦዎች። ግንቦት 2005 የመጀመሪያው ሲዘረጋ ከ13ቱ ክፍል 12ቱ ቆለፉ፣ አንዱ ቀረ። መንኮራኩሩን አዙረው ያንን ጎን ፀሐይ አስመቱት፤ ሞቀና ቀጥ አለ። የአንተ ቧንቧ ነው በለው፤ ሻዩ ብቻ ቀረ።

ሰው ባለበት ደግሞ ሌላ ነው። በ1973 ስካይላብ የተባለው ጣቢያ ሲተኮስ የውጭ መከላከያው ተገንጥሎ፣ ውስጡ ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ በላይ ደረሰ። ጠፈርተኞቹ እዚያ ሄደው በአንዲት ጠባብ ቀዳዳ የታጠፈ ጃንጥላ አውጥተው ከላይ ዘረጉለት፤ ቀዘቀዘ። ሐሳቡን ያመጣው ሰው መጀመሪያ ያሳየው በዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ነበር። እጅ በአቅራቢያው ካለ ጃንጥላም ይበቃል። ጋሊልዮ አጠገብ እጅ አልነበረም።

የሮቢት_ልጅ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:20

እሺ ተሸነፍኩ፣ አንብቤ ጨረስኩት። ግን አሁንም እጠይቃለሁ፤ ለወሎ ገበሬ ምኑ ነው?

ጡረተኛው_ፊዚክስ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:45

ይህ የቁም ነገር ጥያቄ ነው። በጥር 2015 የተተኮሰ ኤስማፕ የሚባል ሳተላይት አለ። 6 ሜትር ስፋት ያለው፣ ከወርቅ ቅብ ሽቦ እንደ ወንፊት የተሠራ አንቴና ይዞ በደቂቃ ወደ 14 ጊዜ እየዞረ፣ የአፈሩን የላይ 5 ሳንቲ ሜትር እርጥበት ይለካል። ወንፊት ሆኖ እንዴት ይሠራል ብትል፣ የሚቀበለው የሬዲዮ ሞገድ ርዝመቱ አንድ ስንዝር ያህል ነው፤ በዚያ ጥቃቅን ቀዳዳ አያልፍም። አንቴናው ትንሽ ቢሆን ኖሮ ወረዳን ከወረዳ መለየት ባልቻለ ነበር። ስለዚህ አምባሰልም ሆነ ቦረና አፈሩ ሲደርቅ ከላይ ይታያል።

የ77ቱን ያየሁ ሰው ነኝ። ያኔም የጠፋው ወሬው አልነበረም፤ ሰሚ ነው። እሱን ሳተላይት አያመጣውም።

እትዬ_መርፌ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4:10

ሸራና መጋረጃ እሰፋለሁ፤ ፒያሳ ነኝ። ወንዶቹ ስለ ገመድ ስታወሩ ሁለት ቀን ዝም ብዬ አነበብኩ። የኔ ጥያቄ ስለ ጨርቁ ነው። ስስ ነገር አንዴ ከተቀደደ ቀዳዳው ይሮጣል። አንድ ጠጠር ቢመታውስ?

ቦርከና_ዳር
ረቡዕ፣ ከቀኑ 6:30

እትዬ፣ አስበውበታል። የጀምስ ዌብ ንጣፍ ላይ በየመሃሉ በሙቀት የተጣበቁ ማጠናከሪያዎች በካሬ በካሬ ተሠርተውበታል። አንዱ ካሬ ቢቀደድ ቅዱ እዚያው ይቆማል፣ ወደ ጎረቤቱ አይሻገርም።

ስፌትም ተሰፍቷል! በ2007 የህዋ ጣቢያው ላይ አንድ የፀሐይ ሰሌዳ ሲዘረጋ ሽቦ ያዘውና ተቀደደ። ጠፈርተኞቹ ከውስጥ ከሽቦና ከአልሙኒየም ቁራጭ እንደ ሸሚዝ እጅጌ ቁልፍ ያለ ነገር ሠሩ። ኅዳር 3 ቀን ስኮት ፓራዚንስኪ በረጅም የማሽን ክንድ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ወጥቶ፣ ኤሌክትሪክ እንዳይዘው እየተጠነቀቀ፣ ቅዱን በ5 ቁልፍ ገጠመው።

እትዬ_መርፌ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 6:45

አበጀ! እጁ ይባረክ። እኔ መሰላል ላይ ወጥቼ መጋረጃ ስሰቅል ነው እግሬ የሚንቀጠቀጠው።

እጥፋቱስ? ድንኳን አከራዩ፣ ሸራህ እጥፋቱ ላይ የተቦደሰው መኪናው ብቻ አይደለም፤ ሁልጊዜ በአንድ መስመር ነው የምታጥፉት። አራት ዙር እጥፍ አንድ ማዕዘን ላይ ሲደራረብ ክሩ ይሞታል። ለልጆቹ ስንቴ ነግሬያቸዋለሁ።

ጡረተኛው_ፊዚክስ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:30

ልክ ብለሻል፤ ኮርዮ ሚዩራ የሚባሉ ጃፓናዊ የኤሮስፔስ ሊቅ መፍትሔ ያበጁለት ይህንኑ ነው። ወረቀቱን ቀጥ ባለ መስመር ሳይሆን ትንሽ ዘመም ባለ ዚግዛግ ታጥፊዋለሽ። ያኔ እጥፋቱ እጥፋት ላይ አይደራረብም፤ ዋናው ጥቅሙ ደግሞ ሁለቱን ተቃራኒ ማዕዘን ስትስቢ በአንዴ ሁሉም አብሮ ይከፈታል፣ ስትገፊው አብሮ ይታጠፋል። አንድ እንቅስቃሴ፣ አንድ መንገድ። በ1995 ህዋ ላይ በፀሐይ ሰሌዳ ሞክረውታል። ለ6 ዓመቷ የልጅ ልጄ በደብተሯ ላይ አሳይቻት ገጹን ሁሉ አጣጥፋ ጨረሰችው።

አናጺው_ከኮምቦልቻ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:00

ልጄን ይቅርታ ጠየቅኳት። ካሳ ብላ አዲሱን ሜትሬን ወሰደችብኝ።

ድንኳን_አከራይ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 12:40

ሪፖርት ላቅርብ። ትናንት በግቢያችን አሮጌዋን ባለ 10 በ6 በዚያ በዚግዛግ አጠፍናት። መጀመሪያ በጋዜጣ ላይ፣ ከዚያ መስመሩን በጠመኔ ሸራው ላይ። 3 ሰዓት ፈጀብን፤ ልጆቹ አበድክ አሉኝ። ሸራው ወፍራም ስለሆነ እንደ ወረቀት እሺ አይልም፤ ግን ሁለቱን ማዕዘን ይዘን ወደ ኋላ ስንሄድ እስከ ግማሹ ድረስ በራሱ ተከፈተ። ሁለት ሰው ብቻ! ከግማሽ በኋላ መሃሉ ከብዶ መሬት ያዘ፤ ጋሼ ያሉት ስበት መሆኑ ነው። ከዚያ ዝናቡ መጣና ሁሉ ነገር ተበላሸ።

እትዬ_መርፌ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 12:55

እርጥቡን አጥፈህ እንዳታስቀምጠው! ይሻግታል። ይሄንን ጃፓኖቹም አያድኑህም።

ድንኳን_አከራይ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 1:05

ደሴ በዚህ ጭጋግ የት ላድርቀው እትዬ? 60 ካሬ ነው። ኮሪደሩ ላይ ተዘርግቷል፤ ሚስቴ በላዩ እየተራመደች ትረግመኛለች።

ሐረጎ_ጠምዛዛ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 1:20

ነገ ባዶዬን ነው የምወርደው። ኮምቦልቻ ፀሐይ ነው፣ የአናጺውም ግቢ ሰፊ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ግን ጠቅልለህ አትስጠኝ፤ ላላ አድርገህ ጫነው፣ ከሥሩ ጭድ አንጥፍበት።

አናጺው_ከኮምቦልቻ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 1:24

ይምጣ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ግን አይሁን፤ ግቢው ውስጥ የምቆርጠው ጣውላ አለ።